የሻምበሉ እጅ

ዓለምን ያመሰው ታላቁ ጦርነት ባበቃ በዓመቱ፣ የክረምቱ ጭቃ ከጎዳናው ሳይደርቅ፣ አንድ የፈረሰኛ ሻምበል ከዘመቻ ተመልሶ የቤቱን ደጃፍ ረገጠ፤ ሚስቱ ልትቀበለው ስትወጣ ግን ዓይኑ ያረፈው ፊቷ ላይ ሳይሆን ከቀሚሷ ሥር ገፋ ባለው ሆዷ ላይ ነበር። ሲዘምት አራስ ቤት የተዋት ልጁ ዛሬ ድክ ድክ ትላለች።

«እብጠት ነው፤ ከወለድሁ ወዲህ የጀመረኝ» አለችው።

«እብጠት!» አለና አልፏት ገባ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ነገር ይሸተው ጀመር፤ የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሰላምታ አልጥምህ አለው፤ እንኳን ሰው፣ የቤቱ ድመት ሳትቀር ተባባሪ መሰለችው። በመጨረሻ ቁርጡን ነገራት፦ «ሐኪም ይይሽ። የጠረጠርሁት ከሆነ ልጄን ትተሽ ትወጫለሽ።»

ሽማግሌው ሐኪም ሴቲቱን አልጋ ላይ አስተኝተው፣ «እመቤቴ፣ በእጅዎ ሳይደገፉ ራስዎን ከትራሱ ቀና ያድርጉ» አሉ። ቀና ስትል ከእምብርቷ ጎን ያለው እብጠት እንደ ጡጫ ጠጠረ።

«ሻምበል፣ እጅዎን ያምጡ። ማኅፀን ውስጥ ያለ ቢሆን የሆዷ ጡንቻ ሲወጠር ከሥሩ ይሸሸግ ነበር፤ ይህ ግን የበቀለው እዚያው ጡንቻው ላይ ነው። ከወሊድ በኋላ አንዳንዴ የሚወጣ ብርቅ እጢ ነው፤ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ነገር ግን ሥር ይሰዳል፤ ቢቆረጥም ተመልሶ ይመጣል። በየወሩ እየለካን እንጠብቀው፤ ከገፋ ቢላዋ አይቀርልንም።»

«ይህን ማን አስጠናዎት?» አለ ሻምበሉ። ሐኪሙ ሳቁ፤ ሚስቱ አልሳቀችም።

ከሐኪሙ ቃል ሁሉ ሻምበሉ የያዘው «እንጠብቀው» የሚለውን ብቻ ነበር። በየወሩ እየተከተላት ሄደ፤ ሐኪሙ በመለኪያው እጢውን ሲለኩ፣ እሱ በልቡ የመውለጃዋን ወር ያሰላል። ወሩ ደረሰ፤ አለፈም፤ የተወለደ የለም። በማግሥቱ ዓመት እጢው ያለ ቢላዋ መሟሸሽ ያዘ።

ሐኪሙ ይህን የነገሯቸው ዕለት ሻምበሉ እጁን ሆዷ ላይ አሳረፈ። «ይቅር በይኝ፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።»

«ሐኪሙ እንዳልሞት ሲጠብቁ፣ እርስዎ እንድወልድ ይጠብቁ ነበር» አለችው። «እጅዎን ያንሡልኝ።» ልጇን አዝላ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

የጦርነቱ ታሪክ የሻምበሉን ጀግንነት መዝግቧል፤ ሐኪሞችም ስለዚያ እጢ ከነልኩ ጽፈዋል። በየወሩ ራሷን ከትራሱ ቀና ባደረገች ቁጥር ግን የባሏን ፊት ታይ እንደ ነበር የጻፈ የለም።