የአባ ወልደ ኪዳን ቃሬዛ

ከቢቸና ሲወጡ ዝናቡ ገና አላባራም። የማርቆስ መንገድ በጦርነቱ ተዘግቷል፤ ወደ ሞጣም መኪና ካለፈ ሰንብቷል። አባ ወልደ ኪዳን ሆዳቸው ውስጥ የቋጠረው መግል ሞጣ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ካልወጣ አይተርፉም ተብሏል።

የቃሬዛው ተሸካሚዎች አራት ናቸው፤ አራቱም እኒህ ካቶሊክ ቄስ ከመንገድ ዳር ያነሷቸው ናቸው። ከፊት ያለው ከፋለ ድሮ መናኸሪያው በር ላይ እግሩ ተልቶ ወድቆ፣ አላፊው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ፣ አባ ተንበርክከው አጥበውታል። ወላጅ አባቱን አያውቅም። የሚያውቀው አባት እሳቸውን ነው፤ እሳቸውን በሕይወት ሞጣ ማድረስ አለበት።

ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ወንዙ ግንድ እያላጋ ሲወርድ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ተሻገሩ። ዳገቱ ላይ ሽፍቶች ከበቧቸውና ስንቅ የጫነችውን በቅሎ ነዷት። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው አንዱ የአባን ጋቢ ገፈፈ።

«በርዶህ ይሆናል ልጄ፤ ውሰደው» አሉት።

ሽፍታው ዓይናቸውን ሳያይ ሄደ።

ከዳገቱ ማዶ ፋንታ የሚባል ገበሬ ሚስቱን አዝሎ ሲንገዳገድ አገኙት። ሚስቱ ፀሐይነሽ በምጥ ተዳክማ ድምጿም ጠፍቷል።

«አውርዱኝ» አሉ አባ።

«ይሞቱብኛል» አለ ከፋለ።

«እሷ ሁለት ነፍስ ናት። እኔ ቀስ ብዬ እከተላለሁ።»

«የማናውቃት ሴት ናት እኮ፣ አባ።»

«አንተንስ አውቅህ ነበር?»

ከፋለ በንዴት እያለቀሰ አወረዳቸው፤ ፀሐይነሽን ቃሬዛው ላይ አስተኟት።

መንደር ሲደርሱ፣ የአገሩ ደንብ ነውና፣ ቃሬዛ ያየ ወንድ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጣ። ትከሻ እየተቀባበሉ ሽቅብ ሮጡ። ከፋለም አብሮ ሮጠ፤ አባን ከአራቱ አንዱ የሆነው የኔሰው ደግፏቸዋል ብሎ። የኔሰው ደግሞ ከፋለ ይዟቸዋል ብሎ ከቃሬዛው ሥር ገብቷል። ቃሬዛ ላይ የተኛን መሸከም እንጂ በእግሩ የሚሄድ በሽተኛን ዞሮ ማየት ማንም አልለመደም። የሚቀጥለው መንደር ሰው ሲቀበላቸው ከፋለ ዞረ። አባ የሉም።

ቁልቁል በረረ። ሊመሽ ሲል አንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው፤ ጅብ ከቁጥቋጦው ወጥቶ እያያቸው ነበር። በድንጋይ አባረረው።

«ደረሰች?» አሉ።

«እየደረሰች ነው። ጥዬዎት ሄድኩ አባ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ደግ አደረግህ።»

አዘላቸው። ትኩስ ትንፋሻቸው አንገቱ ላይ ይሰማው ነበር፤ የሞጣ ቤቶች ሲታዩ ቀረ። ከፋለ ግን አልቆመም። ከቆመ እውነት የሚሆን መሰለው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ፋንታ ሮጦ መጣ። «ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ...» አለና ከፋለ ጀርባ ላይ ያሉትን ሲያይ ተንበረከከ።

ተሸካሚዎቹ አባን ቀብረው ሲመለሱ፣ እዚያው ዳገት ላይ አንድ ሰው ጭኑን በጥይት ተመቶ ተጋድሟል። ጓደኞቹ ጥለውት ሄደዋል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፤ በደም የራሰው ጋቢ የአባ ነው። ከፋለ ድንጋይ አነሳ። ሰውየው እጁን እንኳ አላነሳም።

ድንጋዩ እጁ ላይ ቆየ። ከዚያ ጣለውና ባዶውን ቃሬዛ ከሰውየው ጎን ዘረጋ።

«ይህን?» አለ የኔሰው። «ማን መሆኑ ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም» አለ ከፋለ፣ እንባው እየወረደ። «በእግሩ በኩል ያዝልኝ።»

ፊታቸውን ወደ ሞጣ መለሱ።