ሲመሽ የተሰጠ የንጋት ስጦታ

ጌታችን በተወለደ በሺህ አሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ በመከር ወራት፣ የምሥራቅ እንግሊዝን ረግረግ ጉሙ ገና ሳይለቀው፣ የወረዳው ሸንጎ ከአሮጌው የባሉጥ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የአገሩ መኳንንት በአሳንዱን ኮረብታ ከባሕር ማዶ በመጡት በዴኖች ሰይፍ ከረገፉ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በዙፋኑ የተቀመጠው የዴኖች ንጉሥ ነው፤ ርስት የሚሰጥበትና የሚነጠቅበት ሕግ ግን የጥንቱ እንደ ሆነ ቀርቷል።

ኤልፍዋሩ የሐዘን ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። ከሟች ባሏ ከኦርድጋር የቀራት በወንዙ ዳር ያለ አንድ የድርቆሽ መስክ ብቻ ነው፤ እሱንም የባሏ ታናሽ ወንድም ብሪህትሪክ ይገባኛል ብሎ ከሷታል።

የዚያ አገር ሰዎች ለመስጠት ብዙ ስም አላቸው፤ ጌታቸውን እንኳ ቀለበት ሰጪ፣ ዳቦ ጠባቂ እያሉ ይጠሩታል። ታዲያ የሰጡት ሁሉ ተሰጥቶ አይቀርም። ጌታ ለጭፍራው የሰጠው ሰይፍ ጭፍራው ሲሞት ይመለሳል፤ ውሰት የሚባለው መሬት ሰጪው ሲያልፍ ወደ ወገኑ ይገባል። ባል ከሠርጉ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ለሚስቱ የሚሰጣት የንጋት ስጦታ ብቻ ነው ባል ቢሞትም ዘመድ የማይነካው።

«ሲጠይቁሽ ‹ሲነጋ ነው› በያቸው» አለቻት አማቷ ዊንፍሌድ በጆሮዋ። «በሠርጉ ገበታ የነበሩት ወንዶች ሁሉ አሳንዱን ላይ አፈር ለብሰዋል። ማን ይመሰክርብሻል?»

«ልጅዎ አለ፣ እማማ።»

«እሱን ተይው! ሲጠጣ የገዛ ጫማውን የማያውቅ ሰው!»

ኤልፍዋሩ የሠርጓን ዕለት አሰበች። የዚያን ዕለት ሠርገኛው ገና ጠጁን ሳይጨርስ ከኦርድጋር ጌታ ዘንድ መልእክተኛ ደረሰ፤ ጎሕ ሳይቀድ ወንዙን ተሻግራችሁ ተገኙ የሚል ትእዛዝ ነበር። ኦርድጋር አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከመስኩ ከነሣሩ የቆረጠውን አፈር በሁለት እጁ ታቅፎ ገባና በሙሽራይቱ ጭን ላይ አኖረው። «መስኩ ያንቺ ነው። ነገ እንዳልሰጥሽ ነገ የለኝም» አላት። እንግዳው ሁሉ ሳቀ፤ ዊንፍሌድ ስለ ቀሚሱ ጮኸች፤ ኤልፍዋሩም አብራ ሳቀች። እሱም በዚያው ሌሊት ወደ ዘመቻው ወጥቶ አሳንዱን ላይ ቀረ።

የወረዳው ሹም የቅዱስ አጽም ያረፈበትን ሣጥን አስመጥተው ለመሐላ እጇን እንድታኖርበት አዘዟት።

«ሴትዮ፣ ባልሽ መስኩን መቼ ሰጠሽ?»

አማቷ ከኋላ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ኤልፍዋሩ መስኩ በአንድ ቃል እንደሚድንላት ታውቃለች። ነገር ግን ያልነበረ ንጋት ብትፈጥር፣ የነበራት አንድ ምሽት ከእጇ የሚወጣ መሰላት።

«ሲመሽ፣ ጌታዬ። ንጋት አልነበረንም።»

«አንቺ ድንጋይ!» አለች ዊንፍሌድ።

«ሰማችሁ?» አለ ብሪህትሪክ ወደ ሸንጎው ዞሮ። «ሲመሽ! ያውም በጠጅ ላይ! የወንድሜን ሚስት አልጠላትም፤ ግን በጠጅ የተሰጠ ውሰት ነው። እኔም ያን ዕለት ፈረሴን ላገኘሁት ሁሉ ስሰጥ አመሸሁ፤ ይኸው ዛሬም ተቀምጬበት መጣሁ።»

ሸንጎው በሣቅ ፈነዳ።

«ወንድምህ ሲዘምት ሆዴን ቆረጠኝ ብለህ የተኛህ አንተ ነህ!» ብላ ዊንፍሌድ ሴቶቹን እየገፋች ወጣች። «ያን ጭቃ ከቀሚሷ ያጠብኩት እኔ ነኝ! መስጠቱን አይቻለሁ!»

«እማማ፣ መስጠቱንማ ማን ካደ?» አሉ ሹሙ ጢማቸውን እያሻሹ። «ስሙ ነው ያስቸገረን። ሲመሽ የተሰጠውን የንጋት ስጦታ ነው ብዬ ብፈርድ፣ ነገ የሰካራም ሚስት ሁሉ አፈር ታቅፋ ትመጣብኛለች።»

«ጌታዬ» አለች ኤልፍዋሩ እጇን ከሣጥኑ ሳታነሣ። «ጎሕ ሲቀድ እሱ በጦር መንገድ ላይ ነበር፤ የሄደውም ተጠርቶ ነው። ያን ንጋት የወሰዱብንን እኛ ለማን እንክሰስ?»

ሹሙ ሣጥኑን አዩ፤ ቀጥለው መሬቱን አዩ። ከሸንጎው ብዙዎቹ ልጆቻቸውን አሳንዱን ላይ የቀበሩ ነበሩና ቆባቸውን አወለቁ። ሆኖም ፍርዱ መስኩ ውሰት ነው፤ ለብሪህትሪክ ይመለስ፤ የዘንድሮው ድርቆሽ ግን ለመበለቲቱ ይሁን የሚል ሆነ።

«ድርቆሽ!» አለች ዊንፍሌድ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ላም የለሽ፣ በሬ የለሽ፤ አንቺ ልትበይው ነው?» ይህን ብላ በመንገዱ መካከል ቆማ አለቀሰች። ያላለቀሰችው ኤልፍዋሩ ክንዷን ይዛ ረግረጉን አሻገረቻት።

ብሪህትሪክ ባረጀ ጊዜ መስኩን ስለ ነፍሱ ለገዳም ሰጠ። መነኮሳቱም ስሙን ከቸሮች ተርታ ጽፈው በየዓመቱ በጸሎት ሲያነሡት ኖሩ። ኦርድጋር ስማቸው ካልተጻፈው የአሳንዱን ሙታን ጋር ቀረ፤ የኤልፍዋሩን ስም የጻፈ የለም። የገዳሙ ሣር አጫጆች ብቻ ማጭዳቸውን ስለው ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ወዴት ናችሁ ያላቸውን ሁሉ «ወደ ንጋት ስጦታ» ይሉት ነበር፤ ከአያቶቻቸው የሰሙት ስም ነው። ማን ለማን እንደ ሰጠው፣ ሲሰጥም መሽቶ እንደ ነበር ግን የሚያውቅ አልተገኘም።