ለእማ ያልተነገራት ብረት

«ሜትሩን ጠበቅ አድርጊው እንጂ! ሐሳብሽ የት ነው ያለው?» አለ አብዱረዛቅ።

ኑርሃን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። እሷ በአንድ ጎን፣ ወንድሟ በሌላው ጎን ተንበርክከው የአሮጌዋን ላንድክሩዘር የፊት ስፋት እየለኩ ነው። ፊት ማለት ከተቻለ ነው። ፓራውልቷ፣ የፊት መከላከያ ብረቷ፣ ግማሹ ተገንጥሎ ወንዝ ውስጥ ቀርቷል፤ የተረፈው ግማሽ ዝጎ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። በያጁ ጋሼ ዓለሙ ግራይንደራቸውን አስነስተው የመጨረሻውን ቡሎን ሲቆርጡት ፍንጣሪው እስከ ኑርሃን ጫማ ደረሰ። ቁራጩ ዱብ ብሎ ወደቀ። ሦስቱም አዩት።

በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ብረት መንካት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ጋሼ ዓለሙ እንኳ፣ እጃቸው ከጓንት የማይተናነሰው ሰውዬ፣ ላሜራውን ከማንሳታቸው በፊት ውሃ ያፈሱበታል።

«ለእማ ምን ትያታለሽ?» አለ አብዱ ሜትሩን እየጠቀለለ።

«ጎማ እየቀየሩ ነው፣ ቀለም ሊቀቡ ነው፣ ገዢው የደብረ ሲና ሰው ነው» አለች ኑርሃን፣ ለፈተና የሸመደደችውን እንደምትመልስ ሁሉ።

«አሪፍ። ብረት የሚባል ነገር እንዳታነሺ፣ አቦ።»

አባታቸው ኸድር ሹፌር ነበር። በዚህች መኪና ከጀውሃ ወንዝ ማዶ ካሉት የቆላ መንደሮች ሰውም ሽንኩርትም ያመላልስ ነበር። ክረምት ሲገባ ሌላ መኪና ወደዚያ ዝር ስለማይል በሽተኛ የሚጠብቀው እሱን ነው፤ ምጥ የያዛትም የምትጠብቀው እሱን ነው። ባለፈው ነሐሴ ናፊሳ የምትባል ነፍሰ ጡር ጭኖ ሲሻገር፣ ከውሃው ሥር ያለ ድንጋይ የሞተር ዘይት የሚይዘውን ኮፓ በሳው። ዘይቱ ፈሰሰ፤ ሞተሩ መሐል ወንዝ ላይ ጠፋ። የመንደሩ ሰዎች ናፊሳን ተሸክመው አወጧት። ቀጥሎ ፓራውልቱ ላይ ገመድ አስረው መኪናዋን መጎተት ጀመሩ። ኸድር ከፊት ለፊቷ ውሃ ውስጥ ቆሞ ገመዱን ያቃና ነበር። የዛገው ፓራውልት ተገነጠለ፤ ኸድር ወደቀ፤ ደራሽ ውሃው ይዞት ሄደ።

መኪናዋ ግን እዚያው ቆማ አደረች። ኑርሃን ይህ ነገር እስካሁን አልገባትም። አባቷን የወሰደ ውሃ ይህችን አሮጌ ቆርቆሮ እንዴት ተዋት? መኪናዋን ጠልታት ነበር። አሁንም አንዳንድ ቀን ትጠላታለች።

እናታቸው ሐያት አስከሬኑ ተገኝቶ ከተቀበረ በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «መኪናዋ ትሸጥ።» አብዱም «እሺ» አለ። እሺ ያለው ግን በአፉ ነው። እናቱ ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሳትዋብና ሽቶ ሳትቀባ ቤቷ ትቀመጣለች። ስለዚህ ጋራዡ በባጃጅ የአንድ አፍታ መንገድ ቢሆንም መጥታ ማየት አትችልም። ዓይኗ ኑርሃን ናት። አብዱም ይህን ስለሚያውቅ ነው እህቱን ከትምህርት ቤት መልስ ሜትር እንድትይዝለት የሚጠራት። ኑርሃንም ይህን ታውቃለች፤ ቢሆንም ትመጣለች፤ ምክንያቱም አባቷ ከሞተ ወዲህ አብዱ ከእሷ ጋር የሚያወራው እዚህ ብቻ ነው።

በሳምንቱ አዲሱ ፓራውልት ተገጠመ። ከከባድ መኪና ሻንሲ፣ አካሉን ከሚሸከመው ወፍራም ብረት፣ ተቆርጦ የተሠራ ስለነበር ሁለት ሰው በጭንቅ ነው ያነሳው። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ኮፓውን የሚከልል ወፍራም ላሜራ ገባ። በሮቹ ሥር ግራና ቀኝ ቧንቧ ተበየደ። የመጎተቻ መንጠቆዎቹን ጋሼ ዓለሙ ከፓራውልቱ ጋር አላያያዟቸውም፤ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር በቡሎን አሰሯቸው። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ አልተናገሩም፤ አብዱም አልጠየቀም።

«ጋሼ፣ ቧንቧው ላይ ላሜራ እንጨምርበት» አለ አብዱ። «ወፍራሙን።»

«የት ነው የሚጨመረው?»

«በሮቹ ሥር። ከቻልን ከኋላም።»

ጋሼ ዓለሙ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «እስቲ ባሌስትራዋን እያት» አሉ። እውነትም ክብደት የሚሸከመው የፊት ባሌስትራዋ ከብረቱ ክብደት ተኝቶ መኪናዋ ወደ ፊት አቀርቅራለች። «ሰው ልትጭንባት ነው ወይስ ብረት? ይሄ ላይ ሰውና ሽንኩርት ሲጨመርበት አሸዋው ውስጥ ነው የምትቀረው።»

«ይጨመር አልኩ እኮ!»

ጩኸቱ ከጎረቤቱ ጎማ ጠጋኝ ቤት ድረስ ተሰማ። አብዱ ራሱ ደነገጠ። «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ውሃ ሊገዛ ወጣ። ኑርሃን በዓይኗ ሸኘችው። ወንድሟ ላሜራ ባስገጠመ ቁጥር ፊቱ ትንሽ ቀለል ይለውና በማግስቱ ደግሞ ሌላ ክፍት ቦታ ያገኝባታል። ይህን ስታይ ከርማለች።

«ጋሼ፣» አለች፣ አብዱ እስኪርቅ ጠብቃ። «ያኔ ይሄ ሁሉ ብረት ቢኖራት ኖሮ አባ ይተርፍ ነበር?»

ጋሼ ዓለሙ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ድንጋዩን ይችለው ነበር» አሉ። «ሞተሯም ላይጠፋ ይችል ነበር። ውሃውን ግን እኔ እንጃ፣ ልጄ። እንደዚያ ሞልቶ ሲመጣ የኔ ብረት ምን ያደርግለታል? ያን ዕለት እኔ ብሆን አልሻገርም ነበር። አባትሽ ደግሞ ሴትዮዋን ምጥ ላይ ትቶ የሚመለስ ሰው አይደለም።»

«ይሄንን ለአብዱ ነግረውታል?»

«አልጠየቀኝም» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ቤት ስትገባ እናቷ ጓዳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ መስባሓዋን እየቆጠረች ነበር። ቀና ብላ አየቻት። «ብረት ብረት ትሸቺያለሽ።»

«የዛገውን እየቆረጡት ነው።» ይህ ውሸት አልነበረም፤ ማለትም ባለፈው ሳምንት እውነት ነበር።

«ገዢውስ?»

«የደብረ ሲና ሰው ነው ብሏል አብዱ።»

«ደብረ ሲና ደህና ነው» አለች ሐያት። «እዚያ እንዲህ ያለ ወንዝ የለም።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ኸድርን ስንት ክረምት ሙሉ ‹ዛሬ ቅር› ስለው ኖርኩ። ይስቃል፣ ይሄዳል። እኔም እሺ እላለሁ። ለልጁ ግን እሺ አልልም፣ ኑርሃን። እዚህ ተቀምጬ ምንም አላይም፤ አንቺ ካልነገርሽኝ ማን ይነግረኛል?»

ኑርሃን የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ተነሳች። ደብተሯን ገልጣ ብዙ ቆየች፤ አንድ መስመር አልጻፈችም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። የግቢው በር ተንኳኳና ስትከፍት ልጅ ያዘለች ሴት ቆማለች። ናፊሳ ነበረች።

«ከአራስ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ልመጣ እያልኩ አልቻልኩም» አለች፣ አቧራዋን እያራገፈች። «ድፍረቱን ከየት ላምጣው? አሁን ግን መኪናዋን ጋራዡ ጋ አየኋትና ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ወላሂ፣ መንደሩ ሁሉ ደስ ብሎታል። አብዱረዛቅ በልግ ሳይገባ አወርድላችኋለሁ ብሎናል…»

ኑርሃን ክንዷን ያዘቻት። «እትዬ ናፊሳ፣ በአላህ ይሁንብሽ! እማ አታውቅም። መኪናዋ የምትሸጥ ነው የሚመስላት።»

የናፊሳ ፊት ተለወጠ። «ታዲያ እኔ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?»

«ምንም አትበያት።»

ገቡ። ናፊሳ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብላ ከሐያት እግር ሥር ቁጭ አለች፤ ሌላ ቃል ሳይወጣት እንባዋ ቀደመ። ሐያት ሕፃኗን ተቀብላ ጭንቅላቷን አሸተተች።

«የኸድርን ስም ላወጣለት ነበር» አለች ናፊሳ። «ሴት ሆነችብኝ።»

«እሰይ፣ ሴት ትሁን። አንቺ ደግሞ አታልቅሺ። የአላህ ውሳኔ ነው፤ አንቺ ምንም አላደረግሽም።» ሐያት ሕፃኗን እያባበለች ጠየቀች፦ «በሚመጣው ክረምት ሰው ቢታመምባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

ናፊሳ ቀስ ብላ ወደ ኑርሃን ዞረች። ኑርሃን መሬት መሬቱን አየች።

«አላህ ያውቃል፣ እትዬ» አለች ናፊሳ።

«ይቅር በይኝ» አለች ሐያት። ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «ለመንደርሽም ሰዎች እንደዚሁ ንገሪልኝ። መኪናዋን እየሸጥኳት ነው። ተስፋችሁ እሷ እንደነበረች አጥቼው አይደለም። ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ፈርቼ ነው። አውፍ በሉኝ።»

ናፊሳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ሐያት ለኸድር የምታለቅስ መሰላት፤ እሷም አብራት አለቀሰች። ኑርሃን ግን በሩ አጠገብ እንደ ቆመች ፊቷ በኀፍረት ነደደ። እናቷ ባላደረገችው ነገር ይቅርታ እየለመነች ነው፤ ናፊሳም ያልዋሸችውን ውሸት እንድትሸከም ተደርጋለች። ይህን ያደረገችው እሷ ናት። ጫማዋን በአግባቡ እንኳ ሳታደርግ ወጥታ ባጃጅ ያዘች።

አብዱ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ቡሎን ያጠብቅ ነበር።

«አብዱ፣ ውጣ።»

«ቆይ፣ ልጨርስ።»

«አሁን ውጣ!»

ወጣ። ያየችውን ሁሉ፣ የእናታቸውን ይቅርታ ጨምራ ነገረችው። አብዱ በዘይት የጠቆሩ እጆቹን እያየ ሰማት።

«ዒዳዋን እስክትጨርስ ጠብቂ፣ በናትሽ» አለ። «አንዴ ተሻግሬ ስመለስ ታየኛለች። ያኔ ታምናለች።»

«ባትመለስስ?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ጮክ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ጋሼ ዓለሙ መበየጃውን አጠፉ።

«ልነግራት ነው» አለች ኑርሃን። «ብትመጣ አብረን እንነግራታለን። ባትመጣም እነግራታለሁ።»

መጣ። ቤት ሲደርሱ ናፊሳ ሄዳለች። አብዱ በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ። ኑርሃን ብቻዋን ገባችና እናቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማ፣ መኪናዋ አልተሸጠችም። የደብረ ሲና ገዢ የሚባል ሰው የለም። አብዱ ከፊትም ከሥርም ብረት እያስገጠመላት ነው፤ ወንዙን ሊሻገርባት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቅ ነበር።»

በሐያት ጣቶች መሐል መስባሓው ቆመ።

«ናፊሳም ታውቃለች?»

«በር ላይ ነግራኝ እንዳትናገር ለመንኳት።»

«እኔ ይቅርታ ስጠይቃት አንቺ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

«አዎ፣ እማ።»

ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣ ቢመጣ ይሻላት ነበር። ሐያት ግን ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። ከመንገዱ የከባድ መኪኖች ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ደሴ የሚሄዱና ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ። በመጨረሻ ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ብረቱ ወፍራም ነው?»

ኑርሃን ቀና ብላ አየቻት። እናቷ የምትለምናት በዓይኗ ነበር። «በጣም ወፍራም ነው፣ ምንም አይደፍረውም» ማለት ቀላል ነው። እናቷ ዛሬ እንቅልፍ ይወስዳት ይሆናል። አብዱም ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ አብረው ይበላሉ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ለድንጋይ ይበቃል» አለች። «ውሃው ከሞላ ግን ምንም አያደርግም። ጋሼ ዓለሙን ጠይቄያቸው ነው።»

ሐያት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከመጋረጃው ወዲያ፣ በረንዳው ላይ፣ አብዱ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ተሰማ። እሱም መልሱን ሰምቷል። ኑርሃን ወደማንኛቸው እንደምትሄድ አላወቀችም፤ ስለዚህ ባለችበት ሆና የእናቷን ጉልበት ያዘች።

ሐያት ብዙ አለቀሰች። ሲወጣላት አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ መጋረጃው አየች፤ ልጇን ግባም አላለችው፣ ሂድም አላለችው።

«ነገ ተመልሰሽ ጋራዡ ሂጂ» አለች ለኑርሃን። «ሥሯንም ጭምር በደንብ እይልኝ። በያጁንም ጠይቂው፤ ውሃው ምን ያህል ሲሞላ መኪና አይሻገርም፣ የቱ ጋ ሲደርስ ይመለሳል፣ ሁሉንም። ከዚያ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

«ደስ የማይል ነገር ቢሆንስ፣ እማ?»

«እሱንም።»

ኑርሃን «እሺ» አለችና ለእናቷ ውሃ ልታመጣ ተነሳች። ሁለት ብርጭቆ ቀዳች፤ አንደኛውን በረንዳው ላይ ለወንድሟ አስቀመጠችለት።