ጁምዓ ከዐስር በኋላ

«አንቺ! የዘገየሽው! ሰልፍ ግቢ!»

ወላሂ ገባሁ! የሃያ አራት ዓመት ሴት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ላስተምር የመጣሁ መምህርት፣ ደንግጬ ከተማሪዎቹ መሃል ቆምኩ። ሻይማ የምትባል ምላሰኛ ተማሪ «ኡስታዝ ሱፊያን፣ እሷ እኮ መምህርት ናት!» ስትለው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔም የዚያን ቀን በፍቅር አለቀልኝ።

በሳቲን በሚባለው ሀበሻ የሚበዛበት ሰፈር፣ በሁለተኛ ደረጃው ሳነዊያ፣ ሱፊያን የስካውት ልጆቹን፣ ከሻፋዎቹን፣ ሰልፍ፣ አመራርና ዜግነት ያስተምር ነበር። የጅማ ልጅ ነው፤ እዚህ የመን፣ ዓደን ከተማ፣ አንድም ዘመድ የለውም። ስድስት ወር በእረፍት ሰዓት ሻሂ እየጠጣን አወራን። አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሱዓድ፣ አባትሽ ዘንድ ልምጣ?» አለኝ።

«መቼ?»

«ጁምዓ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ።»

አባቴ ሳሊሕ የመናዊ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን ደሴ ነው። በቃል ላይ ቀልድ አያውቅም። ጁምዓ አዲሱን ፉጣ አገልድሞ ቃሂራ ሰፈር ባለው ቤታችን ተቀምጦ ጠበቀ። ዐስር አለፈ... መግሪብ ሆነ... እኔ አንዴ መስኮት፣ አንዴ ስልክ! ስልኩ ዝግ ነው።

«ሰውዬሽ ቀረ» አለ አባቴ። «በቃ! ስሙን ሁለተኛ እንዳትጠሪብኝ!»

ቅዳሜ ጎረቤታችን ደግሞ «የበሳቲን ሀበሾች ወደ ሳዑዲ መንገድ ጀመሩ አሉ» አለችኝ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ቢሄድስ? ሳይሰናበተኝ?

እሑድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ በረርኩ። ኧረ ጉድ! ሜዳው ላይ ቆሞ ያስተምራል።

«መሪ ቃሉን ይጠብቃል!» ይላል ደግሞ።

ደሜ ፈላ። ወደ ጥግ ጠራሁት።

«አታፍርም? ስለ ቃል የምታስተምረው አንተ ነህ?»

አቀረቀረ። «ሦስቴ ተነስቼ ሦስቴ ተመለስኩ። ወደ እናንተ በሚወስደው መንገድ ላይ የወታደሮች ኑቅጣ አለ፤ እያስቆሙ ኢቃማ ይጠይቃሉ። የለኝም።»

«ስድስት ወር ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«የዜግነት መምህር ነኝ እያልኩ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም ልበልሽ? አፈርኩ፣ ሱዓድ... ስልኩንም ያጠፋሁት አፍሬ ነው።»

አለቀስኩ። ንዴትም ነው፣ ፍቅርም ነው።

«አንተ መምጣት ካልቻልክ አባቴ ይመጣል!»

ይመጣል ማለት ቀላል ነው! አባቴ «የሴት አባት ወንዱ ዘንድ ሄዶ ያውቃል? ውርደት ነው!» ብሎ ቤቱን አናጋው። ወረቀት እንደሌለው ነግሬ ሁለት ቀን ለመንኩት። በሦስተኛው ቀን ኮቱን ለበሰ።

ሱፊያን ሜዳው ላይ ሲያየው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ለእነዚህ ልጆች ምንድን ነው የምታስተምረው?» አለው አባቴ።

«መብትና ግዴታ፣ ዐሚ» አለ በአክብሮት።

«አንተ እዚህ ምን መብት አለህ?»

«የለኝም። ግዴታዬን ግን አውቃለሁ። ጁምዓ አጥፍቻለሁ፤ አፉ ይበሉኝ።»

አባቴ ግራ ቀኙን ቃኘ።

«ሽማግሌዎችህስ የታሉ? ብቻህን ነው ልጄን የምትለምነኝ?»

ሱፊያን ማንን ይጥራ? ያኔ ሻይማ ከሰልፉ ወጣች! አርባዎቹ ተማሪዎችም ተከተሏት።

«ዐሚ ሳሊሕ፣ ሽማግሌዎቹ እኛ ነን። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን! እሺ ሳይሉን አንቀመጥም!»

ፂም ያላበቀለ ሽማግሌ! አባቴ ሳቁን ሊውጥ ታገለ፣ አልቻለም።

«እሺ!» አለ። «በሉ፣ ኢስተሪሑ!»

ለእንግዳ እንደሚባለው አረፍ በሉ ማለቱ ነበር። ለእነሱ ግን የሰልፍ ትእዛዝ ነው። አርባ ተማሪ በአንድ ድምፅ እግሩን ከፈተ፣ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ሱፊያንም አብሮ! አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ኒካሑ እዚያው በሳቲን ታሰረ፤ ኑቅጣውን አልፈን የሄድነው እኛ ነን። አሁን እኔም የበሳቲን ሰው ሆኛለሁ። የሱፊያን የመኖሪያ ወረቀት ግን እስካሁን አልወጣም። እሱ አሥር ደቂቃ በዘገየ ቁጥር በር ላይ እቆማለሁ። ሲመጣ «ደግሞ የት ቀረህ!» ብዬ እጮህበታለሁ። እሱ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም፤ እጁን ጥብቅ አድርጌ ይዤ አስገባዋለሁ።