ከመውጣቱ በፊት ያሉ ስሞች

ከዕዝራ ጋር የተዋወቅነው ተጣልተን ነው።

2003 ዓ.ም. ነበር። እኔ ጂንካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ፣ እሱ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ። ኮምፒውተሮቻችን በፍላሽ በሚመጣ ቫይረስ ሲያልቁበት በነፃ የሚታደለውን ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ይጭንባቸው ጀመር። የራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን ከሁላችንም ይለያል፤ የአማርኛው ፊደል ጥርት ያለ ነው።

«ለእኔም ይሄንኑ ጫንልኝ» አልኩት።

«ይሄ ቤታ ነው።»

«ስሙ ምንም ይሁን። ፊደሉ ያምራል።»

ትንሽ አመነታ። «እሺ። ግን የጻፍሽውን በየቀኑ ፍላሽ ላይ ገልብጪ።»

አልገለበጥኩም። በሳምንቱ የሩብ ዓመት ሪፖርቴ አልከፈት አለ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ጮህኩበት። ዕዝራ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና «ያለሽን ወረቀት አምጪ፤ አብረን እንጽፈዋለን» አለኝ።

ሁለት ቀን ፈጀብን። እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ዲመካ፣ ቀይ አፈር፣ ሃና በሚባሉት ከተሞች ዙሪያ የተከተቡ ከብቶች። በሁለተኛው ቀን ጣቶቼን አሳርፌ ጠየቅኩት።

«ቆይ፣ ይሄ ቤታ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው» አለ። «ሥራቸውን ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል። ሲጀምሩት አልፋ ይሉታል። ገና ያልተሠራ ክፍል ስላለው የሚነካኩት ራሳቸው ሠሪዎቹና ደፋሮች ናቸው። ቤታ ሲባል ሁሉም ነገር ገብቷል፤ የት ላይ እንደሚሰበር ግን አይታወቅም። ለእኔ ዓይነቱ ሩቅ ሰው ይሰጡታል። ስህተት ሳገኝ እጽፍላቸዋለሁ።»

«ለእኔ ዓይነቷስ?»

«ላንቺ መስጠት አልነበረብኝም።» ወረቀቱን አገላበጠ። «እምቢ ማለት አቃተኝ።»

ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ስለ ከብት ብቻ አወራን።

ኮምፒውተሬ በየሳምንቱ ይታመም ጀመር። የሥራ ባልደረባችን አብነት አልቻለችም። «ዕዝራ፣ የመሰረት ኮምፒውተር ዛሬስ ምን ነካው? የእኛ ጢሱ ጣሪያ ቢደርስ እንኳ አትመጣም!» ትላለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

ለጋብቻ የጠየቀኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከብት በሚግጥበት የአውሮፕላን ሜዳ ዳር ነው። ከመጠየቁ በፊት ግን ስለ እናቱ ነገረኝ። አባቱ በሕይወት የሉም፤ እናቱ እልፍነሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ ማሰሮ ቀይ አፈር ገበያ ያወጣሉ።

ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። በእኛ ቤት ከሸክላ ሠሪ ጋር አይጋቡም። አባቴ ታደለ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ነው፤ ዕዝራን የሚያውቀው በሥራውና በጨዋነቱ እንጂ በእናቱ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ማስታወቂያው ሦስት እሁድ ይነበባል። ተቃውሞ ያለው ያመለክታል። ማስታወቂያው ላይ የሚጠራው የአባት ስም ብቻ ነው።

«ሦስት እሁድ ዝም እንበል» አልኩት። «ካለፈ በኋላ ማንም አያፈርሰውም።»

ደስ ሳይለው እሺ አለኝ። የመጀመሪያው እሁድ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ከሥራ ስንወጣ አባትሽ ጋ እሄዳለሁ።»

«ዕዝራ! አንድ እሁድ ነው የቀረን!»

«ከቤታ ቀጥሎ ያለውን ነግሬሽ አላውቅም» አለኝ ዝግ ብሎ። «ለመውጣት የታጨ ይሉታል። ሠሪዎቹ ጨርሰዋል። በተወሰነ ቀን ውስጥ የሚያስቆም ጉድለት ካልተገኘ ይሄው ራሱ፣ ምንም ሳይቀየር ይወጣል ብለው ሁሉም እንዲፈትሸው ይሰጡታል። ሠሪው የሚያውቀውን ደብቆ ቀኑን ቢያሳልፍ ምን ይጠቅማል? ነገሩ በኋላ ሰው ቤት ውስጥ ነው የሚፈነዳው።»

«እናትህ ጉድለት ናቸው?»

ዓይኑን ከዓይኔ አላነሳም።

«አይደለችም። የማልደብቃትም ለዚህ ነው።»

አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዕዝራ ቆሞ ተናገረ፤ እኔ ከበሩ ኋላ ሰማሁ።

«ጋሽ ታደለ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። መሰረት ታውቃለች። ለእርስዎ ግን አልነገርንዎትም።»

«ሁለት እሁድ ፊቴ ሲነበብ ዝም ብላችሁ ሰማችሁ?»

«አዎ።»

«ሂድ።»

ያን ሳምንት አባቴ አላናገረኝም። እሱ ከተቃወመ ጋብቻው ይቀራል፤ ዕዝራ ከአባቴ አጣልቶ የሚወስደኝ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። በየጠዋቱ ቢሮ ስንገናኝ ሰላም ተባብለን ወደየጠረጴዛችን እንሄዳለን።

ሦስተኛው እሁድ ደረሰ። ጸሐፊው ባሮክ ወረቀቱን ዘርግቶ «ዕዝራ ወርቅነህ እና መሰረት ታደለ» ብሎ ከመጀመሩ አባቴ ከፊተኛው ወንበር ተነሳ። እጆቼን ጭኔ ላይ ጨበጥኳቸው።

«ባሮክ፣ ጎዶሎ ነው ያነበብከው።»

«ምን ጎደለው ጋሼ?»

«ልጁ እናት አለችው። እልፍነሽ ትባላለች፣ ሸክላ ሠሪ ናት። ይሄን ጨምረህ እንደ አዲስ አንብበው። የሚቃወም ይሄን ሰምቶ ይቃወም። እኔ ሰምቼ አልተቃወምኩም።»

ባሮክ ፓስተሩን አየ። ፓስተሩ ራሱን ነቀነቀ። ተነበበ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንስተው ሳይናገሩ ወጡ። አባቴ እስኪወጡ ጠበቀና «ሌላስ?» አለ።

ሌላ አልነበረም።

ግቢው ውስጥ አባቴ ዕዝራን ጠራው።

«እናትህ የት አለች?»

«ቤት። ማስታወቂያው እስኪያልቅ አልመጣም ብላ።»

«ምሳ ሠርታለች?»

ዕዝራ ግራ ገባው። «የበቆሎ ኩርኩፋና ጎመን አይጠፋም።»

«ይበቃል። ምራኝ።»

ከዕዝራ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስለዚያ አልጽፍም። ስለዚያ ምሳ ግን መጻፍ እችላለሁ።

አባቴ እስከዚያ ቀን ከሸክላ ሠሪ ቤት እህል ቀምሶ አያውቅም። እልፍነሽ ለእሱ ብቻ ለየት አድርገው ሊያቀርቡ ሲሉ «አብረን ነው» አላቸው። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ብዙ አቆየው። ዋጠ።

«ጨው ትንሽ አንሶታል» አለ።

እልፍነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ጨው ሊያመጡም ተነሱ። ዕዝራ ከትሪው ማዶ ቀና ብሎ አየኝ።