አምስተኛው አለሁ ባይ

እኔ በጅን የማላምን፣ በቡዳ የማላምን፣ የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ እናቴ "በማታ አታፏጪ" ስትለኝ ሆን ብዬ ደጅ ወጥቼ የማፏጭ ልጅ ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ "አስካለ አርጅታ መቃዠት ጀመረች" ብትሉ መብታችሁ ነው፣ እኔ ግን ከሰማሁት ላይ አንዲት ቃል አልቀንስም። በደርግ ጊዜ ሽጉጥ በታጠቀ ሰው ፊት ያልቀነስኩትን ዛሬ ለናንተ ብዬ አልቀንስም።

መጀመሪያ ስለ ልጄ ልንገራችሁ። ልጄ ኑሮዋ ከኔ ጋር እዚሁ ነቀምቴ ነው፣ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ኮምፒዩተሯን ትከፍትና አንዱ አዳማ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ የት እንደሆነ የማይታወቅ ባልደረቦቿን ታሰባስባለች፣ ማን ገባ፣ ማን ቀረ ትላለች፣ የአለቃዋን መልእክት ለዚህ ታደርሳለች፣ የዚያን ጥያቄ ለአለቃዋ ትመልሳለች፣ ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ "እማዬ፣ የኛ ሥራ እኮ ለአንቺ አይገባሽም፣ ሰዎቹ አጠገቤ የሉም" ትለኛለች። እኔም በሆዴ እስቃለሁ። አጠገቤ ያልነበሩ ሰዎችን ስጠራ ስንት ዓመት እንደኖርኩ እሷ የት ታውቃለች!

ያኔ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፣ እኔ ግን እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ኦሮምኛው ከአማርኛው እኩል አፌ ላይ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከብት የሚከትቡ ቡድኖችን በየገጠሩ ይልካል፣ እነሱ ከወጡ ወር ከዚያም በላይ አይመለሱም፣ እነሱን ከኛ ጋር የሚያገናኘው ያ ጠረጴዛ የሚያክል የመገናኛ ሬዲዮ ብቻ ነበር፣ የኛው ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ሲሠራ የነሱ ከመኪና ባትሪ ጋር ይታሰራል፣ ሽቦው ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ መጣ አልመጣም የእግዜር ፈቃድ ነው።

ሬዲዮው መጀመሪያ የኔ ሥራ አልነበረም። የዲንሳ ነበር። ዲንሳ ቀጭን፣ ሳቂታ የጉቴ ልጅ ነው፣ ማይኩን ሲይዝ ሁልጊዜ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ እፍ፣ እፍ ይልበታል፣ ዝናብ ይሁን በጋ፣ ይሥራ አይሥራ እፍ፣ እፍ ይላል፣ ከዚያ "አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋላችሁ" ብሎ ሁሉንም በኦሮምኛ ሰላም ይላል። የማታ ጥሪውን ያመጣው እሱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ይጠራል፣ ሰውየው ራሱ "አለሁ" ይላል፣ ሁሉም "አለሁ" ሳይል ሬዲዮው አይዘጋም። የቡድኖቹ አባላት ሚስቶች ይቺን ሰዓት ያውቃሉ፣ መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጡና የባላቸውን "አለሁ" ሰምተው ይሄዳሉ። ሌላ ምንም አይፈልጉም፣ እመኑኝ፣ በዚያ ዘመን ከደመወዝ ይልቅ ያቺ ቃል ትበልጥ ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ጓድ ታምሩ የተባለ፣ ሽጉጡ ከወገቡ የማይለይ ካድሬ ነበር። ይሄ ሰው በሬዲዮ ከአማርኛ በስተቀር እንዳይነገር ከለከለ፣ ምሥጢር ይወጣል ነው የሚለው፣ "አካም ኦልታን" ምን ምሥጢር እንዳለው እሱ ይወቅ። ዲንሳ ግን ሰላምታውን አልተወም። አንድ ቀን ጠዋት ዲንሳ ለዘመቻ ተመርጧል ተባለ፣ ቻው እንኳ ሳይለን በጭነት መኪና ወደ ሰሜን ሄደ፣ ማይኩ ለኔ ተሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ከሱ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ፣ ስሙን ቢሮ ውስጥ የሚያነሣ ሰው እንኳ ጠፋ። እኔም ጭምር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ክረምት ነው፣ የነቀምቴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ሰማዩ ተቀዶ የሚሰፋው የጠፋ ይመስላል። ወደ ጊዳ አያና የሄደው ቡድን ድምፁ ጠፋ። አራት ሰዎች ናቸው፣ ሹፌሩ ኦቦ ፈይሳ፣ ከታቢዎቹ ቶለራ፣ አብዲሳና ገብሬ። አንድ ማታ ጠራኋቸው፣ ዝም። በማግሥቱም ዝም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓድ ታምሩ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመና "ጓዲት አስካለ፣ ወረቀት አስገቢ። እነ ፈይሳ ከነመኪናቸው ወደ ወንበዴው ገብተዋል ብለሽ ጻፊ" አለኝ።

እጄ የጽሕፈት መኪናው ላይ ቀረ። ያ ወረቀት ከዚያ ቤት ከወጣ ሚስቶቻቸው በዚያው ማታ እንደሚታሰሩ፣ እነሱም በሰላም ቢመለሱ ኬላ ላይ የሚቀበላቸው ጥይት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

"የማታው ጥሪ ሳያልፍ አልጽፍም" አልኩት።

"እምቢ ነው የምትይኝ?"

"አዎ፣ እምቢ ነው። ዛሬ ማታ ካልመለሱ ያን ጊዜ እኔንም ጨምረው ይጻፉኝ።"

ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ትክ ብሎ አየኝና "እስከ ጥሪው" ብሎ ሄደ።

ሲመሻሽ የኦቦ ፈይሳ ሚስት አዴ ጫልቱ እንደ ልማዷ መጣች፣ የረጠበ ነጠላዋን ጨምቃ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም፣ እሷ ግን ፊቴን አይታ "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?" አለችኝ፣ ራሴን አሞኝ ነው አልኳት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሬዲዮውን ከፈትኩ፣ ያ እንደ ንብ የሚጮኽ ድምፁ መጣ፣ ሌሎቹን ቡድኖች ጠራሁ፣ ሁሉም "አለሁ" አሉ። ከዚያ የጊዳ አያናውን ቡድን ጠራሁ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። እንደገና ጠራሁ፣ አሁን እንደ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ እብድ ነው የምጠራው።

በዚህ መሀል የንቡ ድምፅ ቀጥ አለ። ኤሌክትሪክ ጠፋ እንዳልል አምፖሉ ይበራል። ዝናቡም ያባራ መሰለኝ፣ ወይም እኔ መስማት አቆምኩ፣ እሱን አላውቅም። ከዚያ ከሬዲዮው ውስጥ፣ አጠገቤ እንዳለ ሰው፣ እፍ፣ እፍ የሚል ትንፋሽ ወጣ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ፀጉሬ ቆመ።

ወዲያው የኦቦ ፈይሳ ድምፅ መጣ፦ "ነቀምቴ፣ ነቀምቴ፣ አለን። ከአንገር ወንዝ ማዶ ነን፣ ውሃው ሞልቶብን ነው፣ ተቀበል።" ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ የሬዲዮ ማንኮራፋት የለው፣ ከኋላው የሚጋልብ ውሃና የእንቁራሪት ጩኸት ይሰማል። ስማቸውን ተራ በተራ ጠራሁ።

"ፈይሳ?" "አለሁ።"

"ቶለራ?" "አለሁ።"

"አብዲሳ?" "አለሁ።"

"ገብሬ?" "አለሁ።"

ጫልቱ ከአግዳሚው ተነሥታ ማይኩን ከእጄ ነጠቀችኝ፣ ክልከላ ትዝ የሚላት ሴት አልነበረችም፣ "ፈይሳ ኮ! ጂርታ?" አለችው፣ የኔ ፈይሳ፣ አለህ ወይ፣ ማለቷ ነው። እሱም "ጫልቱ፣ ጥጃውን ከታችኛው በረት አውጪው፣ ጎርፍ ይወስደዋል" አላት። ሴትዮዋ እያለቀሰች ሳቀች፣ "ራሱ ነው! ስለኔ ሳይሆን ስለ ጥጃው የሚጨነቅ እሱ ብቻ ነው!" አለች።

በሩ ተከፈተ፣ ጓድ ታምሩ ዝናብ እያንጠባጠበ ገባ። እኔም በድል አድራጊነት ቀና ብዬ፣ ይኸው መለሱ፣ ልለው አፌን ስከፍት፣ ከሬዲዮው ውስጥ፣ ከአራቱ ኋላ፣ ራቅ ካለ ቦታ፣ ማንም ያልጠራው አንድ ሌላ ድምፅ በቀስታ ተናገረ።

"አኒስ ጂራ።"

እኔም አለሁ፣ ማለቱ ነው።

የንቡ ድምፅ ተመለሰ፣ ዝናቡም ተመለሰ። ጓድ ታምሩ ቆቡን አውልቆ በደረቱ ያዘው። 

"ስንት ናቸው ሰዎቹ?" አለኝ።

"አራት።"

"አምስተኛውስ ማነው?"

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን ከፍርሃቴ ንዴቴ በለጠ። "እርሱንማ እርስዎ ያውቁታል፣ ጓድ" አልኩት፣ "የላኩት እርስዎ ነዎት።"

ፊቱ እንደ ዐመድ ሆነ። ዞሮ ወጣ፣ በሩንም አልዘጋውም። ያ ወረቀት አልተጻፈም፣ ጠዋትም አልጠየቀኝም፣ የማንም ሚስት አልታሰረችም። ጫልቱም በዚያው ማታ ጥጃውን አውጥታ ነበር፣ ሲነጋ የታችኛው በረት በውሃ ተሞልቶ ተገኘ።

ከቀናት በኋላ ውሃው ጎድሎ እነ ኦቦ ፈይሳ መጡ፣ ጢማቸው አድጎ፣ ጭቃ ለብሰው፣ አራቱም በደኅና። ሮጬ "ያን ማታ በሬዲዮ ባትመልሱልኝ ኖሮ አልቆላችሁ ነበር!" አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

"የቱ ሬዲዮ?" አለ ኦቦ ፈይሳ።

ሬዲዮው ከነባትሪው ገና ወንዙን ሊሻገሩ ሲሞክሩ ከመኪናው ላይ ተንሸራቶ ውሃ ወስዶታል። በዚያ ሁሉ ቀን በእጃቸው ሬዲዮ የሚባል ነገር አልነበረም። ከኋላቸው መኪናውን አየሁት፣ የሬዲዮው ቦታ ባዶ ነው፣ የተበጠሰው ሽቦ ተንጠልጥሏል።

"ታዲያ ስለ ጥጃው ማን ነገረን?" አለች ባሏን ልትቀበል የመጣችው ጫልቱ።

ኦቦ ፈይሳ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማታ ማታ ወንዙ ዳር ሆነው፣ ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ የጥሪው ሰዓት ሲደርስ "ይኸው አሁን አስካለ እየጠራችን ነው" እያሉ ይቀልዱ ነበር፣ ያን ዕለት ማታ ፈይሳ እጁን እንደ ማይክ አፉ ላይ አድርጎ "ነቀምቴ፣ ነቀምቴ፣ አለን" ብሎ ወደ ውሃው ጮኸ፣ ሌሎቹም ተራ በተራ አለሁ፣ አለሁ አሉ፣ እሱ ደግሞ ሐሳቡ ቤቱ ነበርና ስለ ጥጃው ተናገረ። ለነፋሱ ነው የተናገረው፣ ለማንም አይደለም።

"ከዚያስ?" አልኩት።

ኦቦ ፈይሳ ወደ ገብሬ ዞረ። ትንሹ ከታቢ ገብሬ ነው ያወጣው፦ "ከዚያማ ከኋላችን፣ ከሸምበቆው ውስጥ፣ ሌላ ሰው አለሁ አለ። እኛ እዚያ ቦታ ዳግመኛ አላደርንም።"

ጓድ ታምሩ በመስኮት ይሰማ ነበር። በዚያው ቀን የስም ጥሪ ከእንግዲህ የለም ብሎ አዘዘ። እኔ ደግሞ በዚያው ማታ ሁሉንም በስማቸው ጠራሁ፣ ሲያልቅም ማይኩን ሁለት ጊዜ እፍ፣ እፍ አልኩበትና "ዲንሳ፣ ጂርታ?" አልኩ፣ በአማርኛ አይደለም፣ በራሱ ቋንቋ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሊያሳስረኝ ይችል ነበር፣ አላሳሰረኝም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየመጣ እዚያው በር ላይ ይቆማል፣ ያን ስም እስክጠራ ይጠብቃል፣ መልስ እንደሌለ ሲያይ ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ አልገባም።

መልስም አልመጣም። መንግሥት ሲወድቅ የሚሸሹ ወታደሮች ሬዲዮውን ነቅለው ወሰዱት፣ ስለ ዲንሳ ሞተ የሚል ወረቀት እስከ ዛሬ ጉቴ ቤተሰቦቹ ጋ አልደረሰም።

ታዲያ ሬዲዮ ባይኖርስ ምን አለበት? ያለ ሬዲዮ የሚያልፍ ድምፅ እንዳለ እኔ አይቻለሁ። ሲመሻሽ ደጄ ላይ ወጥቼ እጠራዋለሁ፣ ጎረቤቶቼ አበደች ይሉኛል፣ ይበሉ። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል፣ የምፈራው ዝም ማለቱን አይደለም። የምፈራው፣ አንድ ቀን እሱ ሲመልስልኝ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፣ በዚያ ዘመን ስማቸውን ያልጠራንላቸው ሁሉ እኔም አለሁ፣ እኔም አለሁ እያሉ ቢመጡስ ብዬ ነው። ስንት እንደሆኑ ማን ያውቃል።

ይምጡ። እስኪነጋም ቢሆን እጠራቸዋለሁ።