ጎማው መሬት ያልነካ መኪና

ሟቹ «ኢንጂነሩ» ይባል ነበር። ምህንድስና የተማረበት አንድም ቀን የለም፤ ማዕረጉን ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው፤ ሰፈሩም መከራከር ሰልችቶት ተቀበለው። አሁን የጀርባ ጭንቅላቱ በብረት መቆንጠጫው በሞርሳው ጥግ ተፈንክቶ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተንጋሏል። ቀኝ እጁ የመኪና መንጃ ሪሞት ጨብጧል። የሪሞቱ መብራት ገና አልጠፋም።

«ድንገተኛ አደጋ ነው» አለ አስር አለቃው። «አሻንጉሊቱን እየነዳ ወደ ኋላ ሲል ተደናቅፎ ወደቀ። አለቀ።»

«ሐኪሙ ደረቱ ላይ ያገኘው የሁለት መዳፍ ሰንበርስ? አሻንጉሊቱ ገፋው?» አለች መርማሪዋ።

አስር አለቃው ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። «እንግዲያው ያንን ሊቀመንበር የሚሉትን ሰው ልሰረው። ትናንት እዚህ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የጭነት መኪና ጎንበስ አለች። ርዝመቱ ክንድ ያክላል፤ ከበር እጀታው እስከ ባለጥርሱ ጊር በእጅ የተሠራ ነው። ሆዱ በቁራጭ እንጨት ተደግፎ አራቱም ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ባትሪው ተነቅሎ ሽቦው በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። የጊሩን ክዳን ከፍታ ጊሩን በመርፌ ጫረችው። የሞረድ ጭረት የለበትም። ከጥርሶቹ ሥር ነጭ ዱቄት ወጣ።

ተጠርቶ የመጣው ሊቀመንበር ሀምሳን ያለፈ፣ ሆዱ የቀደመው ሰው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የክበብ ሊቀመንበር ነኝ!»

«የምን ክበብ?»

«በሪሞት የሚነዱ የሞዴል መኪና ሠሪዎች ክበብ!» ደረቱን ነፋ። አገር የሚያስተዳድር ይመስላል። «ለነገው ውድድር ደንባችን ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱን ዕቃ ባለቤቱ በገዛ እጁ መሥራት አለበት። ኢንጂነሩን ‹አንዲት ጊር ፊቴ ሞርድና አሳየኝ› አልኩት። አባረረኝ። ወጣሁ።»

የሟቹ ሚስት እንባ አልነበራትም። «እኔ እዚያ ክፍል ድርሽ አልልም። አሥራ ስምንት ዓመት የመኪና ጣውንት ሆኜ ኖርኩ። መኪና ብሎ መኪና! ሰው እንኳ አይጭን!»

«ከሊቀመንበሩ በኋላ ማን መጣ?»

«እትዬ ብቻ፣ ታላቅ እህቱ። ማምሻውን እራቱን አድርሳለት ሄደች።»

እትዬ በአንድ ጥርስ ሕክምና ቤት ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ዝምተኛ ናት። «ልጄ፣ እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?» አለች።

መርማሪዋ ከእኩለ ቀን በፊት ሦስቱንም እዚያው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። እንጨቱን አውጥታ መኪናውን በአራት ጎማው አቆመችው።

«ሰውየው እየነዳ አልሞተም» አለች። «ባትሪ የሌለው መኪና በምን ይነዳል? ሪሞቱን እጁ ላይ ያስቀመጠው ገዳዩ ነው። ያው ገዳይ ግን ባትሪውን ነቅሎ መኪናውን እንጨት ላይ ሰቅሎታል። ሊቀመንበር፣ ለምን ይሰቀላል?»

«እኔ ምን አውቄ! የኔው ዓመት ሙሉ በጎማው ነው የሚቆመው። ጎማ ጎማ ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ብሆን የምሰቅለው ቆሻሻ መጣያው ላይ ነው» አለች ሚስቲቱ።

«ጊሩ አልተሞረደም፤ ነጩ ዱቄት እንደሚያሳየው፣ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጄሶ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የወጣ ነው። ጎማውም የሱቅ ጎማ አይደለም፤ የአፍ ቅርጽ የሚወሰድበት ለስላሳ ሲሊኮን ነው። ክብደት ካረፈበት…»

መርማሪዋ መጨረስ አላስፈለጋትም። እትዬ ከገባች ጀምሮ ዓይኗን ከጎማዎቹ አልነቀለችም። አሁን እጇ ተዘርግቶ እንጨቱን አነሳ፤ መኪናውን ቀና አድርጎ ከሆዱ ሥር ሸጎጠለት። ያደረገችውን ያወቀችው ሁሉም ዞረው ሲያዩዋት ነው።

«ክብደት ካረፈበት ይጣመማል» አለች ቀስ ብላ። «ስድስት ወር ነው የፈጀብኝ።»

«የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ።

«በውድድሩ ቅጽ ላይ ስሜን ከስምህ ሥር ጻፈው አልኩት። ከሥር እንኳ! ‹አንቺ ጥርስ ሠሪ!› ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

ሚስቲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እትዬ! እሱ ጫፉን እንኳ አልሠራውም?»

«ቀለሙን ቀብቷል። እሱንም አበላሽቶታል።»

መርማሪዋ የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተንፍሷል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሰው መጥራት ይችሉ ነበር። እርስዎ ባትሪ ነቀሉ፤ ጎማ አዳኑ።»

እትዬ እጇን ዘረጋች። አስር አለቃው ሊቀመንበሩን ሊያስርበት ያዘጋጀውን ካቴና በእሷ እጅ ላይ ቆለፈው።

ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይቅርታ… ውድድሩ ነገ ነው። መኪናው ደግሞ… እንዲህ ያለ መኪና አይቼ አላውቅም። ደንቡ የሠሪውን ስም ይጠይቃል።»

መርማሪዋ ወጥ ውስጥ የወደቀ ዝንብ እንደምታይ አየችው። እትዬ ግን የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ዞረች። የራሷን ስም፣ የአባቷን፣ የአያቷን፣ አንድ በአንድ እየለየች ነገረችው። ሰውየው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ።

«ያንብቡልኝ» አለች።

አነበበላት። ከዚያ በኋላ ነው የሄደችው።